ሐዋሳ ላይ ያስቀረኋት መመለሻ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ «አገሩ እንዴት ነው? ዓሣውስ? ሙቀቱስ?» ይለኛል። ጋቢ ከትከሻው ለማይለይ የደብረ ብርሃን ሰው ሐዋሳ ማለት ውጭ አገር በሉት። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው መድገም ሰለቸኝ። ደግሞም ለሁሉም የነገርኩት ስለ ዓሣውና ስለ ሐይቁ ብቻ ነው፤ ዋናውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ በጽሑፍ ላውጣው።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስከ ዛሬ ገንፎ ስበላ በማንኪያ ጫፍ ፈትሼ ነው።

ሥራዬ ክራር ማስተማር ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን በሳምንት ሦስት ቀን አስተምራለሁ። እንደኔ ያለው ሰው አሁን «የማኅበረሰብ የሙዚቃ መምህር» ይባላል፤ ድሮ «ክራር መቺው ጌታነህ» ነበር የምባለው። አንድ ቀን የማዕከሉ ኃላፊ ደብዳቤ ሰጠኝ። ለማኅበረሰብ የሙዚቃ መምህራን የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና፣ ሐዋሳ፣ አምስት ቀን፣ መኝታና ምግብ በአዘጋጁ። ከታች ደግሞ «እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከአካባቢው አንድ የቆየ ዜማ ይዞ ይምጣ» ይላል። ስንጥሩ እዚህ ጋ ነው አልኩ።

የቆየ ዜማ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። ያስተማሩኝ ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አልጋ ሠሪ ነበሩ፣ እሑድ እሑድ ክራር ይደረድራሉ። ዜማዋ ስም የላትም። መነሻ አላት፣ መሐል አላት፣ መጨረሻ ላይ ወደ ታች ወርዳ ወደ ቤቷ የምትገባበት መመለሻ አላት። በድሮ ክራር መቺዎች ወግ ታዲያ መምህር መመለሻውን ለተማሪ ቶሎ አይሰጥም። መነሻውንና መሐሉን ያሳይሃል፣ መጨረሻው ላይ መነሻውን ደግሞ ይሸውድሃል፤ አንተም አለቀ ብለህ ትሄዳለህ። ልብህን ካየ በኋላ ነው መመለሻውን የሚገልጥልህ። እኔ ሰባት ዓመት ጠብቄያለሁ። ጋሽ ሽፈራው ካረፉ ወዲህ ያቺን መመለሻ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም፤ ለራሴ ተማሪዎች እንኳ ገና አልሰጠኋትም። አሁን የማላውቃቸው ሰዎች በደብዳቤ ይዘህ ና ይሉኛል። ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» አለችኝ። ካልሄድኩ ዲፕሎማ ያለው ልጅ በቦታዬ እንደሚገባ ስለ ጠረጠርኩ ነው የሄድኩት።

እሑድ ሳይነጋ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተነሣሁ። ክራሬን በጋቢ ጠቅልዬ በደረቴ አቅፌያታለሁ። ረዳቱ «ፋዘር፣ እቃውን ላይ ልሰረው» ሲለኝ «እቃ አይደለም» ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጥቅሉን አየት አደረገችና ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋችልኝ። ከተማውን ሳንለቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጁን ምን ነካው?» አለችኝ። ክራር ነው ብላት በመኪናው ሁሉ ይሰማል፣ ከዚያ «እስቲ አንዴ ምታልን» ይመጣል፣ ከዚያ በስልኩ ማን እንደሚቀዳ አይታወቅም። «ትንሽ አሞት ነው» አልኳት። አዲስ አበባ እስክንገባ ስትጸልይለት መጣች። ስንወርድ ብርቱካን ሰጥታኝ «ሲነቃ ስጠው፣ እግዜር ይማረው» አለችኝ። ብርቱካኑን ቃሊቲ የሐዋሳ አውቶቡስ ስጠብቅ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ግን አልወረደልኝም።

ከቃሊቲ በኋላ መንገዱ ሌላ ነው። የኛን አገር ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ለለመደ ዓይን፣ ከሞጆ ወዲያ ያለው ሜዳና ግራር ማለቂያ ያለው አይመስልም። ጋቢዬን ሞጆ ላይ አወለቅሁ፣ ሹራቤን ዝዋይ ላይ። ምሳ ለመብላት ስንቆም ከመኪናው የወረድኩት ክራሬን ታቅፌ ነው፤ ስበላ በጭኔ ላይ፣ ስታጠብ በብብቴ። አንድ ወጣት «አባባ፣ ልያዝልዎት?» ሲለኝ እንዴት አድርጌ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ምስኪኑ ሸሸኝ።

ሐዋሳ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እዚያ መናኸሪያ ራሱ ክፍለ ከተማ ነው፤ የኛን መናኸሪያ አሥር ያወጣል። የባጃጅ ሾፌሩ «ዳኤ ቡሹ!» ብሎ ተቀበለኝ። ምን ማለት እንደ ሆነ ስላልገባኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ምን አልክ?» አልኩት፤ «እንኳን ደህና መጡ ነው በሲዳምኛ» አለና ሳቀ። የሆቴሉን ስም ነገርኩት። ደብዳቤውን አሳዩኝ ቢለኝ ግን እንቢ አልኩ፤ የማንም እጅ ይግባ እንዴ? በሰፊው ጎዳና ሄድን፣ ታጠፍን፣ አንዱን አደባባይ ሁለቴ ዞርን፣ አንድ የጎማ ሱቅ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሊዘርፈኝ ነው ብዬ ክራሬን ጠበቅ አደረግሁ። በኋላ ልጁ ላቡን ጠርጎ «አባቴ፣ በዚህ ስም ሁለት ሆቴል አለ፤ ሐይቅ ዳር ያለው ነው ወይስ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው? ወረቀቱ ላይ የለም?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ነበረ። ሐይቅ ዳር ነበር።

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። በአንደኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። አቶ ዱካሞ ይባላሉ፣ ስድሳ አልፏቸዋል፣ አዲስ ከተማ ባለው የወጣቶች ማዕከል ዋሽንትና የሲዳማ ዘፈን ያስተምራሉ። እንደኔ ሊሠለጥኑ ነው የመጡት። «ቤትዎ እዚሁ ሐዋሳ ነው?» አልኳቸው። «አዎ፣ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። በባጃጅ ትንሽ ነው።» እዚሁ ቤት ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ሆቴል ያድራል? ስጠይቃቸው «እንግዳ ብቻውን አያድርም ብለን ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ የአገር ሰው» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ አልልም። ክራሬን ከግድግዳው በኩል አስተኝቼ እኔ ከውጭ ተኛሁ።

ሰኞ ሥልጠናው ተጀመረ። አሥራ ሁለት ነን፤ በገና የሚያስተምር አለ፣ ከበሮ የሚያስተምር አለ። በጠዋቱ ስም ጽፈን ፈረምን፣ ከሻይ በኋላ ፈረምን፣ ከምሳ በኋላ ፈረምን። እንዲህ የሚያስፈርም ነገር መጨረሻው ምንድን ነው እላለሁ በሆዴ። ከፊት ለፊት በሦስት እግር የቆመ ካሜራ አለ። አሠልጣኟ ሰላማዊት ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ሠላሳ አምስት የሚሆናት ሴት ናት። ፈገግታዋ አይጠፋም፤ እሱም አላማረኝም።

«እዚህ ማንም ማንንም አይፈትንም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው። ሁላችንም ስናስተምር የምንዘልለው ደረጃ አለ። ለኛ ቀላል ስለ ሆነ አናየውም፤ ልጁ ግን እዚያው ጋ ይወድቃል። ያቺን ደረጃ እንያት።»

ለመለማመጃ በደንብ የምናውቀውን ነገር ለጎረቤታችን በእጅ ሳንነካ፣ በቃል ብቻ እንድናስተምር አዘዘችን። እኔ ለጋሽ ዱካሞ ጋቢ አለባበስ ማስተማር ደረሰኝ። «ቀኝዎን በግራ ትከሻዎ ይጣሉት» አልኳቸው፤ ጣሉት። «አሁን ይሳቡት»፤ ሳቡት። አንገታቸው ተጠመጠመ፣ ዓይናቸው ተሸፈነ፣ በዚያ ሙቀት እንደ ጥቅል ጎመን ሆነው «ጌታነህ፣ አለህ?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መጀመሪያ ጋቢውን አጥፎ መያዝ እንዳለባቸው አልነገርኳቸውም ነበር። እውነቷን ነው፣ ደረጃ ዘልያለሁ። ግን አንዲት ሴት እውነት ስለ ተናገረች ብቻ ተንኮል የላትም ማለት አይደለም።

ምሳ ዓሣ ነበር፣ ሙሉውን የተጠበሰ፣ ዓይኑ ሁሉ ያለ። በኛ አገር ዓሣ የጾም ወሬ ነው እንጂ በሰሃን አይመጣም። አጥንቱን ስመረምር ሁሉም በልቶ ጨረሰ። ጋሽ ዱካሞ ሰሃኔን ሳቡት፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው መለሱልኝ፣ ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ። ጠዋትም ወተት ያለ ስኳር ስጠይቅ ጽፈዋል። የምለውንና የማደርገውን የሚመዘግቡ ሰው ጋር እንዳስተኙኝ ያን ጊዜ አረጋገጥኩ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ክራሬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጋሽ ዱካሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተኝተዋል። ከሰዓት በኋላ ዜማዬን የማቀርብበት ተራ ስለ ነበር፣ ከማንም ጆሮ ርቄ እውነተኛዋን አንድ ጊዜ ልጫወታት ፈለግሁ። ሐይቁን ላላያችሁት፦ ማዶው ይታያል፣ ግን ሩቅ ነው፤ ውኃው ዳር ቀርቦ ዝም ይላል። ዓሣ አጥማጆች በጀልባ እየተመለሱ ነበር፤ አባ ኮዳ የሚሉት ራሰ በራ ትልቅ ወፍ እንደ ተቆጣ ዘበኛ ቆሞ ያየኛል። ከእሱ በቀር አጠገቤ ማንም አልነበረም። ዜማዬን ከመነሻ እስከ መመለሻ ተጫወትኩ።

ከሰዓት ወደ ፊት ወጣሁ። ካሜራውን አየሁት። «ዜማውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ፣ የደብረ ብርሃን ሰው» አልኩ፤ ከዚያ መነሻውን ተጫወትኩ፣ መሐሉን ተጫወትኩ፣ መጨረሻው ላይ መነሻውን ደግሜ ዘጋሁ። ልክ ለእኔ እንደ ተደረገው። ማንም አላወቀም። ሁሉም አጨበጨበ፣ ሰላማዊት «በጣም ነው የምታምረው» አለች። ጋሽ ዱካሞም አጨበጨቡ፣ ከዚያ ጻፉ። እኔ እራቴን በደስታ በላሁ። ዓሣ ሾርባ ነበር፤ አጥንት የለውም።

ረቡዕም ሲነጋ ሐይቁ ዳር ተጫውቼ ስመለስ ልጆች መጡ። ከአዲስ ከተማው ማዕከል የመጡ የጋሽ ዱካሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዳችን ስድስት ስድስት ተሰጡንና በሁለት ቀን ዜማችንን እንድናስተምር ተባልን። ሰላማዊት እየዞረች የቱ ጋ እንደሚሰናከሉ ትመለከታለች። ክራር ከጀመሩት ከእኔዎቹ ውስጥ ሀያት የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። ጣቷ ፈጣን ነው፣ ጆሮዋ ደግሞ ከጣቷ ይፈጥናል። ከሌሎቹ በፊት ጨረሰችና ክራሩን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«ምነው? አቃተሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ቻልኩት። ግን መምህር፣ ይሄ አያልቅም እኮ።»

«አለቀ እኮ። ይኸው መጨረሻው ነው።»

«መነሻውን እኮ ነው የደገምነው። ሄዶ ሄዶ ቤቱ ሳይገባ ነው የሚቀረው።»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁባት። እኔ አልሳቅሁም። «ዜማው እንደዚሁ ነው» አልኳት፣ ትንሽም ቆጣ ብዬ። እሷ «እሺ» አለችና ደገመችው። ያላመነ ልጅ እንዴት «እሺ» እንደሚል መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልገባኝን እሷ በግማሽ ቀን ነቃችበት። ይሄ አናደደኝ፣ ከዚያ አሳፈረኝ፣ ከዚያ እንደገና አናደደኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰላማዊት አሥራ ሁለት ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ዜማዎቻችን አርብ ጠዋት ልጆቹ ሲጫወቱት ተቀርጸው በየአገሩ ላሉ ማዕከላት ለማስተማሪያ እንደሚላኩ ነገረችን። በእያንዳንዱ ዜማ ላይ ያስተማረው ሰው ስም ይጻፋል። በአምስተኛው ወረቀት ላይ በትልቁ «የጋሽ ሽፈራው ዜማ፣ ደብረ ብርሃን» ይላል።

ዜማ ሊሰርቁኝ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። እነሱ ግን የሰውዬውን ስም ከላይ ጽፈውለታል፤ ከስሙ ሥር ያለውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነገ ከተቀረጸ በየከተማው ያለ ልጅ የጋሽ ሽፈራው ዜማ ቤቷ የማትገባ፣ የተቆረጠች ነገር ናት ብሎ ያድጋል። ብናገር ደግሞ በአሥራ አንድ መምህራን ፊት ዋሾ ነኝ፤ ለማዕከሌ ኃላፊ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ዲፕሎማ ያለው ልጅም ይመጣል። ዝም ብል ማን ያውቃል? አባ ኮዳው ብቻ ነው የሰማኝ። ዝም ልል ወሰንኩ።

የዚያን ቀን ምሳ ጋሽ ዱካሞ ቤታቸው ወሰዱኝ። ልጃቸው ቡርሳሜ ሠርታ ጠበቀችን፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ፣ በሸክላ ሰሃን የሚቀርብ ምግብ ነው። መልኩ ገንፎ ገንፎ አለኝ፣ ሳላውቀው በማንኪያ ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን መፈተሽ ጀመርኩ። «ምን ጠፋብህ?» አሉኝ ጋሽ ዱካሞ። ልጃቸው ከት ብላ ሳቀች። የእናቴን ተረት ነገርኳቸውና እሳቸውም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ምግብ ቤቴ ውስጥም አልቀረበልኝም። ሁለተኛ ጨመሩልኝ፣ ሦስተኛውን በግድ አጎረሱኝ።

እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትቆጣም?» አሉኝ።

«ይጠይቁ።»

«ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር የምትጫወታት ዜማ ትወርድና ትገባለች። ለኛ የሰጠኸን ግን አትገባም።»

ለካ ማክሰኞም ረቡዕም ስወጣ ተከትለውኛል። «ሊጠብቁኝ ነው የተመደቡት?» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«አዎ፣ ልጠብቅህ» አሉኝ ምንም ሳይደነግጡ። «አገሩን አታውቅም። በጨለማ ሐይቅ ዳር ትሄዳለህ። ብትወድቅ ለሚስትህ ምን እንላለን? ከኋላህ ቆሜ ሲነጋ እመለሳለሁ።»

ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስለ ጋሽ ሽፈራው፣ ስለ ሰባቱ ዓመት፣ መመለሻን ስለ ማስቀረት ወግ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «እኛም ጋ አለ» አሉ። «የኔም መምህር ያስቀሩ ነበር። አሁን አንድ ልጠይቅህ። አንተ ለኛ አስቀረህ። እሳቸው ለአንተ ሙሉውን እንደ ሰጡህ በምን አወቅህ?»

«ሰጥተውኛል! በመጨረሻ ሰጥተውኛል!» ብዬ ተነሣሁ። ልጃቸው ብርጭቆ ይዛ በር ላይ ቆመች። ጋሽ ዱካሞ «እሺ፣ አትቆጣም ብለኸኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሆቴል ተመለስን።

አርብ ሲነጋ ሐይቁ ዳር ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ዘወር ብዬ አየሁ፤ ጋሽ ዱካሞ ነጠላቸውን ተከናንበው ከአንድ ሾላ ሥር ቆመዋል። እጄን አነሣሁላቸው። ከዚያ መመለሻዋን ብቻዋን፣ ቀስ ብዬ ተጫወትኩ። መሐሏ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ጋሽ ሽፈራው እዚያ ሲደርሱ ክሮቹን በመዳፋቸው ጸጥ ያደርጉ ነበር፤ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ጸጥ አደረግኳቸው። የዜማዋ ትንፋሽ ነው እል ነበር። እጄን ሳላሳርፍ ብሞክረው ጣቴ የሆነ ክር ይፈልጋል፣ የቱ እንደ ሆነ ግን አያውቀውም። ትንፋሽ ይሁን ወይ የተደበቀ ነገር ይሁን የምጠይቀው ሰው የለም። ጋሽ ሽፈራው አርፈዋል። እኔም እንዲሁ ብሞት የኔ ተማሪዎች የተቆረጠውን ይዘው እየተከራከሩ ይኖራሉ። አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

ቀረጻው ሊጀመር ልጆቹ ሲሰለፉ ወደ ፊት ወጣሁ። «ከመቅረጻችሁ በፊት» አልኩ፣ «ያስተማርኳችሁ የጋሽ ሽፈራው ዜማ አይደለም። መጨረሻዋን ደብቄያለሁ። ትሰርቁኛላችሁ ብዬ ነው።» የበገናው መምህር መሬት መሬት አየ። እሱም የሆነ ነገር ያስቀረ መሰለኝ፤ ጠባይ አይለቅም። ሰላማዊት ፊቷን አየሁት፣ ፈገግታው የለም። ወደ ካሜራው ሄደች።

«ላጥፋው? ካልፈለጉ ለልጆቹ ብቻ ያሳዩአቸው። እኛ እንወጣለን።»

አምስት ቀን ሙሉ የጠረጠርኳት ሴት ይህን ነው ያለችኝ። «ተዪው፣ ይቅረጽ» አልኳት።

ስድስቱን ልጆች ዙሪያዬን ሰብስቤ መመለሻዋን ጣት በጣት ሰጠኋቸው፤ የዘለልኩት ደረጃ የለም። የምሳው ሰዓት አለፈ፣ የአውቶቡሴም ሰዓት አለፈ። ሀያት መጀመሪያ እስከ መጨረሻዋ ስትደርስ ክራሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «አሁን ገባ!» አለች። ቀጥላ «እዚህ ጋ ግን ለምን ዝም ይላል?» ብላ ባዶዋን ቦታ አሳየችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ለተማሪ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዱካሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ክራሬን እሳቸው ያዙልኝ፤ ሰጠኋቸው። አውቶቡሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ «ይሄ ደብተር ግን ምንድን ነው?» አልኳቸው። ከፍተው በስሜ የተጻፈበትን ገጽ ሰጡኝ። «ጌታነህ፦ ወተት ያለ ስኳር። ዓሣ ይፈራል፣ አጥንቱ ይነሣለት። ይበርደዋል ብዬ ነበር፣ ይሞቀዋል፤ መስኮት ይከፈት። ጠዋት የሚጫወተው ከቀኑ ይለያል፣ ምክንያት ይኖረዋል።» ከዚያ በታች ምንም የለም። ሳላፍር አቅፌ ሳምኳቸው። በመንገድ ላይ ክራሬን ከጋቢው አውጥቼ ጭኔ ላይ አኖርኳት፤ ሻሸመኔ ሳንደርስ «እስቲ አንዴ ምታልን» አሉኝ፣ መታሁላቸው።

ለጎረቤቶቼ ያልነገርኳቸው ይህን ነው። ለማዕከሉ ኃላፊም አልነገርኩትም ነበር፤ ይህን ሲያነብ ይስማው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ዱካሞ በስልኬ አንድ ቅጂ ላኩልኝ። ልጆቹ ናቸው። መነሻው ደረሰ፣ መሐሉ ደረሰ፣ መመለሻው ወረደ። ባዶዋ ቦታ ስትደርስ መዳፌን ሳላውቀው አዘጋጀሁ፤ እዚያ ጋ ግን አንድ ክር ጮኸች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዜማዋ ወደ ቤቷ ገባች። ከኋላ የጋሽ ዱካሞ ድምፅ «ሀያት ናት» ይላል።

ተሳስታ ይሆን? ጋሽ ሽፈራው ቢሰሙ ይቆጡ ይሆን ወይስ «ደረሰችበት» ይሉ ይሆን? ጠረጠርኩ፣ ጠረጠርኩ፣ ደከመኝ። በነጋታው ተማሪዎቼ ሲመጡ ገና የመጀመሪያ ቀናቸው የሆኑት ሁለቱ ሳይቀሩ ሁሉንም ሰብስቤ ዜማዋን ከመነሻ እስከ መመለሻ ሰጠኋቸው። ባዶዋ ቦታ ላይ ስንደርስ «እዚህ ጋ መምህሬ ዝም ይሉ ነበር» አልኳቸው፣ «ሐዋሳ ያለች አንዲት ልጅ ደግሞ ይቺን ትመታለች» ብዬ ክሯን አሳየኋቸው።